የናፊያ ቤት ባለአደራዎች

ሐረር፣ ጀጎል
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድከው የወንድሜ ልጅ ሪድዋን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ በሰው አገር ብርድ እንደምን ከርማችኋል? አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ፣ ሪዝቃችሁን ያስፋው፣ ያለ ቪዛ ጣጣ የምንገናኝበትን ቀን ያቅርበው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ናፊያ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ቤቱም ከጣሪያው በስተቀር ደህና ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። ስልኩ ናፊያ ዘንድ ነው። በደወልክ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ የተባለውን ሁሉ ደግሞ ቀትር ሳይሆን ጊደር መጋላ ገበያ አድርሳው ትመለሳለች። ያን ጊዜ ባለቤትህ ጥርሷን እንደነቀለች ስትነግረኝ፣ በማግስቱ ቅመም ሻጮቹ አንድ በአንድ እያስቆሙ "ተሻላት ወይ?" ሲሉኝ ዋሉ። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ወረቀት ላይ ይሁን። ማዘጋጃ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ታይፒስት ሆኜ የሰው ጉዳይ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን የራሴን ብጽፍ ነውር የለውም።

ጉዳዩ ናፊያ ናት። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከተረፈች ወዲህ ሰውነቷ አደገ እንጂ አእምሮዋ እዚያው ቀረ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ሃምሳ ስምንት ሞላት። ጀጎል ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ትሄዳለች፤ ከግንቡ በር ወጥታ አስፋልቱን ስታይ ግን ግራ ገብቷት ታለቅሳለች። ጎረቤቱ ሁሉ የቤቱን ቁልፍ የሚያስቀምጠው እሷ ዘንድ ነው። ሰጪው ራሱ ካልመጣ ለማንም አትመልስም። ባለፈው ሳምንት ከሱቆቻችን አንዱን የተከራየው ልብስ ሰፊው አብዱልፈታ ሐኪም ጋራ ሰፈር ለቅሶ ሄዶ ሲቆይ፣ ሚስቱ ቁልፉን ተከልክላ ደጃፋችን ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጣለች። ናፊያ ውኃ ሰጠቻት፣ ቁልፉን ግን አልሰጠቻትም።

እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ባሌ ሞቷል፣ ልጅ አላህ አልሰጠኝም። ቤቱ በስሜ ነው። እኔ ስሄድ ናፊያ የት ትወድቃለች? እናንተ አገር እንዲህ ያለ እህት ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ጠይቀህ ጻፍልኝ።

ዱዓዬ ከመንገድህ አይለይ።
አክስትህ ሸምሲያ


ሜልበርን
ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሩቅ ሆኜ እጅዎን እስማለሁ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ በዱዓዎ ሰላም ነን። ትራሙን አሁንም እነዳለሁ፤ በቀን ስድስት ጊዜ በአንድ መንገድ ሄጄ ስድስት ጊዜ እመለሳለሁ።

ጥያቄዎ ጥሩ ጊዜ ላይ ደረሰኝ። የሠራተኛ ማኅበራችን ስለ ውርስ የሚያስረዳ አንድ የሕግ ባለሙያ ጋብዞ ነበርና ከኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ። የሚፈልጉት ነገር ትረስት ይባላል። ገንዘብ የተቀመጠበት ሲሆን ደግሞ ትረስት ፈንድ ይሉታል። እኔ የሀብታሞች ገንዘብ መደበቂያ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያ አይደለም።

ሦስት ሰው ይበቃል አለን። አንዱ ንብረቱን የሚሰጥ፣ አንዱ የሚይዝ፣ አንዱ የሚጠቀምበት። የሚይዘው ባለአደራ ነው፤ ንብረቱ በስሙ ቢሆንም ለራሱ ሊያደርገው አይችልም። ይህን ሲል የናፊያ ቁልፎች ድቅን አሉብኝ። ቁልፉ እጇ ላይ ነው፣ ቤቱ ግን የሷ አይደለም። በልጅነቴ አንዲት ብይ አስቀምጪልኝ ብያት ረስቼ ድሬዳዋ ሄጄ፣ ከዓመት በኋላ ስመለስ ከበር ላይ ሆና ነው የሰጠችኝ። እስቲ አሁን ተራው የሷ ይሁንና ሌላ ሰው ይጠብቅላት።

ኑዛዜ ብቻ አይበቃም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ኑዛዜ ንብረቱን እጇ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል አለኝ። ናፊያን ደግሞ ከረሜላ የያዘ ሰው ሁሉ ያስፈርማታል። በትረስት ግን ንብረቱ ሌላ እጅ ላይ ይቀመጥና ጥቅሙ ብቻ ይደርሳታል። በሕይወት እስካለች ቤቱ እንዳይሸጥ፣ የሁለቱ ሱቆች ኪራይ ለምግቧና ለመድኃኒቷ እንዲውል፣ በየዓመቱ ሒሳብ እንዲቀርብ፣ ባለአደራው ቢሞት ወይም ቢያጠፋ ማን እንደሚተካው፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይጻፋል። እርስዎ በሕይወት እያሉ ቢጀመር ደግሞ የተጣመመውን ራስዎ ያቃናሉ።

ባለአደራው እኔ እሆናለሁ። የሥጋ ዘመድ እያለ ወደ ማን ይኬዳል? ከናፊያ በኋላም ቤቱ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል።

አክስቴ፣ የእጅ ጽሕፈትዎ ተንቀጥቅጦብኛል። ብርድ ነው ወይስ ሌላ?

ልጅዎ ሪድዋን


ሐረር
ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሪድዋን፣

ሰላምና ዓፊያ አይለይህ። ደብዳቤህ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አስረድተህ ጽፈሃል፣ አባትህ ቢኖር ደስ ይለው ነበር። እጄ የተንቀጠቀጠው እስክሪብቶው ርካሽ ስለሆነ ነው።

ፈረንጆችህ ጥሩ ነገር ደርሰውበታል፣ ትንሽ አረፈዱ እንጂ። አያትህ ይህን ወቅፍ ነበር የሚሉት። ንብረቱን ለአላህ ብለህ ታስረዋለህ፤ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ፍሬው ለተባለለት ሰው ይሄዳል። የሚጠብቀውም ሰው ስም አለው፣ ሙተወሊ ይባላል። ወረቀቱን ለሁለት ሳምንት እንደ አዲስ ነገር ሳገላብጠው ቆይቼ፣ ለካ የመስጊዱ ጎን ያሉት ሱቆች ሁሉ እንደዚያ ናቸው!

አቦከር ሰፈር ድረስ ሄጄ እንደሻውን አማከርኩ። ማዘጋጃ ቤት የሕግ ክፍል የነበረው፣ እኔ የምጽፍለትን እየሰረዘ ሲያስለቅሰኝ የኖረው እንደሻው። ጡረታ ወጥቶም እስክሪብቶ ከጆሮው ላይ አልወረደም። "ይቻላል" አለኝ። "ቃዲው ፊት ቃልሽን ትሰጫለሽ፣ ይመዘገባል። የሚያስቸግረው ባለአደራው ነው። ባለአደራውን ራሱን ማን ይጠብቀዋል?"

እኔም አሰብኩበት። አንተ ሩቅ ነህ። ጣሪያው ሲያፈስ እዚያ ሆነህ አይሰማህም፤ ናፊያ ትኩሳት ቢይዛት ትራሙን አቁመህ አትመጣም። ስለዚህ አደራውን የሴቶች መረዳጃችን አፎቻው ይያዘው ብያለሁ። በሠርግም በለቅሶም አርባ ዓመት አብረን ቆመናል። ሰው ይሞታል፣ አፎቻ ግን አንዷ ስትሄድ ልጇ እየገባች ይቀጥላል። ሰብሳቢያችን ሐጃ ፋጡማ እንደሆነች የሰማችውን ሁሉ ታስታውሳለች፣ የተበደረችውንም ጭምር።

አንተ ረቂቁን ያ የሕግ ሰው እንዲያዘጋጀው አድርገህ ላክልኝ። እንደሻው ወደ እኛ ሕግ ይመልሰዋል።

አላህ ያቆይህ።
ሸምሲያ


ሜልበርን
የካቲት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሸምሲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሁላችንም ደህና ነን።

ረቂቁን አስጽፌ ወደ አማርኛ መልሼ ወደ አገር በሚገባ ሰው ልኬያለሁ። አሥራ አራት አንቀጽ ነው።

አፎቻው ይሁን ካሉ ይሁን። ሩቅ መሆኔን አውቃለሁ። ግን ሩቅ የሆንኩት ዛሬ አይደለም፤ ሃያ ዓመቴ ነው፣ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ የተጠየቅሁትን ያላደረግሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ምክንያቱ ሩቅ መሆኔ ብቻ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ናፊያን ይሳሙልኝ።
ሪድዋን


ሐረር
የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሪድዋን፣

አላህ ሰላምህን ያብዛው፣ ትዕግሥትንም ይጨምርልህ፤ ለእኔም ይጨምርልኝ። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፣ ስለዚህ ይቅርታ የምንጠያየቅበት ጊዜ ነው። ከአንተ የምጠይቀውም፣ አንተ የምትጠይቀውም አለ።

ረቂቅህን ለማንበብ አፎቻውን ቤቴ ጠራሁ። ሃያ ሁለት ሴቶች ነደባው መደብ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እንደሻው ከታች በርጩማ ላይ ሆኖ እንደ ተከሳሽ አቀርቅሮ ያነብ ጀመር። እስከ አንቀጽ ስምንት ሁሉም "ማሻአላህ" እያለ ሄደ። ዘጠነኛው ላይ "ባለአደራዎቹ ለድካማቸው ከኪራዩ ከመቶ አምስት ይታሰብላቸዋል" የሚል አለ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሐጃ ፋጡማ ዞሩ።

"ድገመው" አለች ሐጃ ፋጡማ።

ደገመው።

"የምን ድካም ነው?"

"ናፊያን ለመጠበቅ ነው፣ ሐጃ። እንዲያው በሕግ የተለመደ ነው" አለ እንደሻው፣ ላቡ እየወረደ።

"እስከ ዛሬስ ስንጠብቃት ማን ከፈለን? ሸምሲያ፣ ነገ ደግሞ ጀናዛ ስናጥብ በሰዓት ልታስቢልን ነው? ወላሂ ከእንግዲህ ቁርጡን ንገሪን፣ ደረሰኝ እናሳትም።"

ተነሳች። ሃያ አንዱ ተከትለዋት ተነሱ። ናፊያ ድግሱ ያለቀ መስሏት በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች የእያንዳንዷን ጫማ ለባለቤቷ አቀበለች። አንድም አላሳሳተችም።

አንተ ያስቀየምክ እንዳይመስልህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀት ሳላነብ ወደ ስብሰባ የማስገባ ታይፒስት አልነበርኩም። ግን ልጄ፣ አፎቻ በደመወዝ እንደማይሠራ እንዴት ረሳኸው? አባትህ ሲሞት አንድ ወር ሙሉ ከቤታችን ምግብ ያልጠፋው በማን ሒሳብ ነበር?

በማግስቱ ከቤት ቤት እየዞርኩ ዓውፍ በሉኝ አልኩ። ዳገቱ አደከመኝ፤ ሦስት ቦታ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሐጃ ፋጡማን መጨረሻ አደረግኋት። አልጋዋ ላይ ሆና ብዙ አስጠብቃኝ "ልጁ ሰው አገር ቆይቶ ነው፣ አይፈረድበትም" አለች። ከዚያ እንደሻውን አስጠርታ ዘጠነኛውን አንቀጽ ዓይኗ እያየ አሰረዘችው። የሒሳቡንም አንቀጽ ታሰርዘዋለች ስል ጭራሽ እንዲያጠብቀው አዘዘችው። "በዓመት አንዴ በሁላችን ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ኪራዩን ሦስት ሴቶች አብረው ይያዙት፣ አንዷ ብቻዋን አትፈርም። ሰው ነን፤ ከመካከላችን አንዷን ሸይጣን ቢፈትናት ወረቀቱ ይያዛት" አለች። እንደሻው በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ደንበኛ አላየሁም እያለ ወጣ።

አሁን የቀረ አንድ ነገር አለ። እሱን ዛሬ አልጽፈውም።

የረመዳንን በረካ አላህ ይወፍቀን።
ሸምሲያ


ሜልበርን
ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና አልሰነበትኩም።

ስለ አንቀጽ ዘጠኝ ለሐጃ ፋጡማ የይቅርታ ደብዳቤ ለብቻው ጽፌያለሁ። ለእርስዎም በመጋቢት ጻፍኩ፣ በሚያዝያም ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ለዒድ ስደውል ናፊያ አንስታ "ተኝታለች" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ስደውልም "ተኝታለች" አለችኝ። እርስዎ ደግሞ ቀን የሚተኙ ሰው አይደሉም። የት ነው የተኛችው ብላት "ነጭ አልጋ ላይ" አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ባለፈው በነገር የጻፍኩልዎትን ረስተው ይጻፉልኝ። ቢቆጡኝም ተቆጥተው ይጻፉ። ቁጣዎን ማንበብ ይሻለኛል።

ሪድዋን


ሐረር
ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሪድዋን፣

አላህ ያለ ሐሳብ ያኑርህ። ሳስብህ ከርሜያለሁ፣ ሳስቸግርህም ከርሜያለሁ።

እስክሪብቶው አልነበረም፣ ልቤ ነው። በመጋቢት መጨረሻ ገበያ ላይ ወደቅሁና አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። ከዚያም ወዲህ ሐኪሙ ብዙ እንዳልቀመጥና እንዳልጽፍ ከለከለኝ፤ እኔም ለአንተ እንዳይነገር ሁሉንም ከለከልኩ። ናፊያን መከልከል ግን ረሳሁ። አሁን መድኃኒቱ ተስማምቶኛል፣ ዳገት ብቻ ነው የተከለከልኩት። ሐረር ውስጥ ዳገት አትውጪ ማለት እንዴት ያለ ሕክምና ነው?

ሆስፒታል በነበርኩበት ጊዜ ናፊያ ቤቷ አደረች። አፎቻዎቹ በተራ እየመጡ አብረዋት ተኙ። ሐጃ ፋጡማ በዚያ ዕድሜዋ ሁለት ሌሊት ነደባ ላይ አድራለች። ፈራሁ፣ ግን ደግሞ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደስ አለኝ፤ ነገሩ ያለ እኔ ሲሠራ አየሁታ።

አሁን የደበቅሁህን ልንገርህ። በሸሪዓው እኔ ስሞት የቤቱ ግማሽ የናፊያ፣ ግማሹ ያንተ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔም እንደምታውቀው አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ግን ስንት ገጽ ስንጻጻፍ በዙሪያው ዞርን። ባለአደራ እንዳትሆን ያልፈለግሁት ስለማላምንህ አይደለም። ቤቱ ሲሸጥ የሚያገኝ ሰው ቤቱ እንዳይሸጥ ጠባቂ ከሆነ፣ በየቀኑ ከራሱ ጋር ይጣላል። ያን ጠብ ላንተ ማውረስ አልፈለግሁም። ሩቅ ነህ ያልኩህ ምክንያት ፈልጌ ነው፤ ስለዚያ ዓውፍ በለኝ።

ቃዲው "በሕይወት እያለሽ፣ በጤናሽ ሳለሽ ወቅፍ ብታደርጊው የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም" ብሎኛል። እኔ ግን ከጀርባህ አልፈርምም። አባትህ እዚህ ቤት ነው የተወለደው። ግማሽህን ለናፊያ ተውላት ብዬ እጠይቅሃለሁ። ለሰው እንዲህ ያለ ነገር ለምኜ አላውቅም።

እምቢ ብትል አልቀየምህም። እቀየማለሁ፣ ግን አልነግርህም።

አክስትህ ሸምሲያ


ሜልበርን
ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእናቴ ምትክ ለአክስቴ ለሸምሲያ፣

አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ለዚህ አበቃን። ዓፊያዎን ያብዛልኝ። ደብዳቤዎን ትራሙ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሆኜ አነበብኩትና አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ተነሳሁ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

እርስዎ ከተናገሩ እኔም ልናገር። ግማሹን ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጀምሮ አስቤዋለሁ። "ከናፊያ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል" ብዬ ስጽፍ ቤተሰቡ ማለቴ ራሴን ነበር። ለባለቤቴም አንድ ቀን የሐረሩ ቤት ይሸጥና የልጃችንን የአይሻን ዩኒቨርሲቲ እንከፍልበታለን ብያታለሁ። ባለአደራ ልሁን ያልኩት ግን ለመብላት አልነበረም፣ ወላሂ። እንዲያውም ጥሩ የምሆን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ናፊያ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ልቤ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ጠብ ስላዳኑኝ አላህ ይስጥልኝ።

ነገሩን ለአይሻ ነገርኳት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ናፊያን በስልክ ብቻ ነው የምታውቃት። "እኔ ካፌ እየሠራሁ መማር እችላለሁ፣ ናፊያ ካፌ መሥራት አትችልም" አለችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ አሥር ወር የፈጀብኝን!

ስለዚህ በምስክር ፊት ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ያለኝን መብት በሙሉ ትቻለሁ። ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከናፊያም በኋላ ቤቱ ለኔም ለልጆቼም እንዳይመለስ፤ በሰፈሩ እንደ ናፊያ ያለ ሰው አይጠፋምና አፎቻው ለሱ ይስጠው። ሁለተኛው፣ ልጆቼ ሐረር ሲመጡ ሆቴል እንዳያድሩ የሚል አንድ መስመር እንደሻው ያግባልኝ።

ለጣሪያው የሚሆነውን ለሦስቱ ሴቶች ልኬያለሁ። በዓመቱ ሲነበብ ስሜ ይጠራ፣ ከመቶ አምስት ግን አልጠይቅም።

ልጅዎ ሪድዋን


ሐረር
መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለሪድዋን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሰጠኸው ፋንታ ቤት በጀነት ይሥራልህ፣ አይሻንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ወረቀትህ ሲደርሰኝ አለቀስኩ። ናፊያ ሰው የሞተ መስሏት ጎረቤት ጠርታ አመጣች፤ ለቅሶ ደራሾቹን በሳቅ ሸኘኋቸው።

ትናንት ተፈረመ። ናፊያ ከግንቡ በር እንደማትወጣ ቃዲው ስለሚያውቅ ጸሐፊውን ከነመዝገቡ ቤት ድረስ ላከልን። አፎቻዎቹ ነደባውን ሞሉት፤ እንደሻው ዛሬስ አንቀጽ ዘጠኝ የለም ብሎ ገና ሳይቀመጥ ማለ። እኔ ሰጪ ሆኜ ፈረምኩ፣ ሦስቱ ሴቶች ተቀባይ ሆነው ፈረሙ፣ ያንተም ወረቀት ተነቦ ተያያዘ። ሐጃ ፋጡማ ስምህ ሲጠራ ሁሉንም ዱዓ አስደረገችልህ። ተታርቃችኋል።

ከዚያ ጸሐፊው "ተጠቃሚዋስ ገብቷታል?" ብሎ ጠየቀ። ናፊያን መሐል አስቀመጥናት። ሐጃ ፋጡማ እጇን ይዛ ቀስ ብላ አስረዳቻት።

"ናፊያ፣ ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቤት ማንም አይሸጥብሽም። ከዚህ ማንም አያስወጣሽም። እሺ?"

ናፊያ የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ አየች። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ።

"እሷስ?" አለች።

"እሷ ምን?"

"ሸምሲያስ የት ልትሄድ ነው?"

ልጄ፣ ይህን ሁሉ ወር ከዚህ ጥያቄ ስሸሽ ነው የኖርኩት። ስለ ኪራዩ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ባለአደራው ሁሉ ተጽፏል፤ ለናፊያ ግን እኔ እንደምሞት የነገራት ሰው የለም። ሐጃ ፋጡማ እንኳ መቁጠሪያዋን አወጣች። እኔም በሻሼ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ።

ናፊያ ግን ያዘንኩት ቤቱን ስለተነጠቅሁ መሰላት። ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችው።

"አይዞሽ" አለችኝ። "እኔ አላስወጣሽም።"

ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞራ "ጻፈው" አለችው። ጸሐፊው እንደሻውን አየው። እንደሻው መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ "ጻፈው፣ ባለቤቷ ተናግራለች" አለ።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከማኅተሙ በላይ ባለችው የመጨረሻ መስመር፣ ሸምሲያ በናፊያ ፈቃድ በዚህ ቤት ትኖራለች ተብሎ ተጽፏል።

አክስትህ ሸምሲያ፣
ከናፊያ ቤት